ከ60 በኋላ የምትሠሩ የድሬና የሐረር ሰዎች፣ ለምን ትሠራላችሁ?

መነሻ

ሰላም ለሁላችሁ። የቀድሞ ባሕር ኃይል ነኝ፣ ሥራዬ ሞተር ክፍል ነበር። ምፅዋ ኖሬያለሁ፣ አሰብ ኖሬያለሁ፣ ጅቡቲም ትንሽ ተንገላትቻለሁ። ከ1983 ወዲህ ድሬ ነኝ፣ ቤቴ ሳቢያን ነው። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጄኔሬተርና የውሃ ፓምፕ ስጠግን ቆይቼ፣ በ2012 60 ሞላህ ተብዬ ወጣሁ። አሁንም ግን እሠራለሁ። ፓምፕ የቆመበት ሰው ይደውላል፣ ዕቃዬን ባጃጅ ላይ ጭኜ እሄዳለሁ። ልጆቼ ተው ይሉኛል። ሽርጥህን ታጠቅ፣ በረንዳ ላይ አረፍ በል ነው ነገሩ። ሞክሬዋለሁ፣ አልሆነልኝም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ገንዘቡ ባይቸግራችሁ ኖሮ ሥራ ታቆሙ ነበር? ሁለተኛ፣ ብዙ ቦታ የኖራችሁ ሰዎች የትኛውን ነው አገሬ የምትሉት? ለእኔ ሁለቱ ጥያቄዎች ተያይዘው ነው የሚመጡት። እስኪ ጻፉ።

እስካሁን የተባለው

መልሱ በዛ። አዲስ የሚገባው ሁሉ ከላይ ጀምሮ ማንበብ እየታከተው የተባለውን ደግሞ ይጠይቃል፣ ስለዚህ እኔው በራሴ አፍ ላሳጥረው። ስም አልጠራም፣ መልሶቹን በመጡበት ተራ ቁጥር ነው የምጠራቸው። ቁጥሩን ሲያይ ሁሉም ራሱን ያውቃል።

ቁጥር 1 ሐረር ጀጎል ውስጥ የሚኖሩ መምህርት ናቸው። ሰላምታቸው ብቻ አንድ አንቀጽ ነው። የልጆቼን፣ የጤናዬን፣ የድሬን ሙቀት ሁሉ ጠይቀው ነው ወደ ነገሩ የገቡት። ፊዚክስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤታቸው ፈረስ መጋላ አጠገብ ስለሆነ የ12ኛ ክፍል ልጆችን ማታ ማታ ያስጠናሉ። ከአንዳንዱ ይቀበላሉ፣ ከሌለው አይቀበሉም። እሳቸውን ያደከማቸው ሥራው አይደለም። ጡረታ በወጡ በመጀመሪያው ዓመት በራቸውን የሚያንኳኳ ሰው መጥፋቱ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ሌላ መልስ ባይመጣም ይበቃኝ ነበር። መጣ እንጂ።

ቁጥር 2 የባቡር ሰው ነው። የለገሀሩ ወርክሾፕ ውስጥ በልጅነቱ ተቀጥሮ እዚያው አረጀ። የመሣሪያ ስም ሁሉ የሚያውቀው በፈረንሳይኛ ነው፣ በአማርኛ ጠይቁኝና አላውቅም ይላል። ባቡሩ መምጣት ሲያቆም እሱና ጓደኞቹ ሥራ አላቆሙም። ጠዋት ይገባሉ፣ ማሽኖቹን ዘይት ይቀባሉ፣ አቧራ ያራግፋሉ፣ ሰዓት ሲደርስ ይወጣሉ። የሚጠገን ነገር ሳይኖር። አንዳንዱ ሰው ይህን ሞኝነት ይለው ይሆናል። እኔ አልለውም። ዝገት ጡረታ አይወጣም፣ አንድ ክረምት ካልነካኸው ማሽኑን ይበላዋል።

ችግሩ ጽሑፉን ሲጨርስ አንድ ነገር ጣል አደረገ። የምፅዋ–አስመራው ሐዲድና የእኛው እኩል ስፋት ስላላቸው ፉርጎ ይለዋወጡ ነበር አለ። ወዲያው ቁጥር 3 መጣ። በጨዋ ቃል ጀመረ እንጂ ምላሱ ስለት አለው። ጣሊያን የዘረጋው የምፅዋ ሐዲድ 950 ሚሊ ሜትር ነው፣ ፈረንሳዮቹ የዘረጉት የጅቡቲው ደግሞ ድፍን 1,000 ነው ብሎ አረመው። እውነት ነው። ቁጥር 2 ግን በቁጥር 5 ተመልሶ፣ ለአምስት ሳንቲ ሜትር ይህን ያህል መጮህ ምንድነው ብሎ ተቆጣ። ቁጥር 6 ያው የቁጥር 3 ሰውዬ ነው፣ በአምስት ሳንቲ ሜትር ባቡር ይገለበጣል ብሎ ዘጋው። ፍርዴ ከቁጥር 3 ጋር ነው። ለባቡሩ ሰውዬ ያለኝ አክብሮት ግን በአምስት ሳንቲ ሜትር አይቀንስም።

በመሀል ቁጥር 4 የምፅዋና የድሬ ሙቀት የትኛው ይብሳል ብሎ ጠየቀ። አቦ፣ ይህን እኔን ነው መጠየቅ። ድሬ ይሞቃል፣ ግን ደረቅ ነው፤ ጥላ ካገኘህ ትተነፍሳለህ፣ ማታ ደግሞ ነፋስ ይመጣል። የምፅዋ ሙቀት እርጥብ ነው። ሸሚዝ ታጥቦ የተሰጣ ይሁን የለበስከው በማየት አትለየውም። ሌሊትም አይለቅህም። ጣውሎድ ላይ ሰው አልጋውን ውጭ አውጥቶ ነበር የሚተኛው። እኛ ደግሞ ሞተር ክፍል ነን። ከታች ናፍታና የጋለ ብረት፣ ከላይ የምፅዋ ፀሐይ። ፈረቃችን አልቆ ወደ ላይ ስንወጣ ያ እሳት የሆነ የወደብ አየር ቀዝቃዛ ይመስለን ነበር። ሩሲያ ሠራሽ ሞተር ጆሮ ይበላል። ዛሬም ሚስቴ ስትጠራኝ ሁለቴ ነው። የመጀመሪያውን አልሰማም፣ ወይም እንዳልሰማሁ ታስባለች።

ጉርጉሱም ዳርቻ አርብ ማታ፣ ከተማውን ከደሴቱ የሚያገናኘው ድልድይ ላይ የሚራመደው ሰው፣ የድሮዎቹ ቤቶች የእንጨት በረንዳ፣ ዓሣው። ስለ ምፅዋ ብጽፍ ገጹ አይበቃም። የካቲት 1982 ከተማዋ ስትያዝ እኔ አሰብ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ምፅዋን አላየኋትም።

ቁጥር 7 ስለ ኢትዮጵያ መርከብ ጠየቀ፣ ስሟም ኢትዮጵያ የነበረችውን ማለቴ ነው። ምፅዋ ላይ በ1982 ሰጥማ ቀርታለች ብሎ ሰምቷል። ቁጥር 8 የቀድሞ ባልደረባ ነው፣ ከእኔ ቀድሞ መለሰለት። መርከቧ አልሰጠመችም። መጀመሪያ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ንብረት ሆና ኦርካ ትባል ነበር፣ በ1954 ለኢትዮጵያ ተሰጠች፣ በ1983 ወደ የመን ሄደች፣ ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ብትሰጥም ይሻላት ነበር ብሎ ጨመረበት። እኔ አልስማማም። ቢያንስ ብረቷ ለአንድ ሰው ጠቀመ።

ይኸው ቁጥር 8 የራሱን ታሪክም ጻፈ። ባኩ ነው የተማረው፣ ካስፒያን ባሕር ዳር። በረዶ ሲያይ ጥጥ መስሎት በእጁ ዘገነ። ከዚያ ሌኒንግራድ፣ ከዚያ ምፅዋና ዳህላክ። አሁን ድሬ ውስጥ ትራንዚተር ነው፣ የሌላ ሰው ኮንቴይነር ከጅቡቲ ሲመጣ ወረቀቱን ይዞ ይሮጣል። ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። ባሕሩን ጥዬ ብመጣ ኮንቴይነሩ ተከትሎኝ ደረቅ ወደብ ገባ እያለ ይቀልዳል። ቤቱ ቢቀመጥ ሚስቱ እንደምታባርረው ደግሞ ሳይቀልድ ጻፈ።

እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር። ቁጥር 9 አበላሸው። ባሕር የሌለው አገር ባሕር ኃይል ምን ያደርግለታል፣ እናንተም የድሮ ትዝታ ታላዝናላችሁ፣ አዲሱም ባሕር ኃይል የሕዝብ ገንዘብ ማባከን ነው አለ። ከ10 እስከ 13 ያለው ጩኸት ነው። አንዱ አሰብን አነሳ፣ ሌላው እሱን ሰደበ፣ ሦስተኛው መጋቢት 2011 ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመውን የባሕር ኃይል ስምምነት ጠቅሶ ሊያስረዳ ሞከረና የሚሰማው አጣ። ፖለቲካውን ሌላ ቦታ ውሰዱት ብዬ ለመንኩ። ከዚያ ሁሉ ግርግር የሚረባው የቁጥር 12 ነው። ወደቡ ከሄደ በኋላም የንግድ መርከቦቻችን ቀይ ባሕር ላይ መሄድ አላቆሙም። የመርከብ ድርጅቱ በ1956 የተቋቋመ ነው፣ ዛሬም በጅቡቲ በኩል ይሠራል፣ ባሕር ዳር ከተማ ሠልጥነው የዓለም መርከቦች ላይ የሚሠሩ ወጣቶችም አሉ። ባሕርተኛ ለመሆን የራስ ወደብ የግድ አይደለም ማለቱ ነው። ቁጥር 9 መልስ አልሰጠውም።

አሁን ቁጥር 14። ከዚህ የውይይት ክር ሁሉ አንዱን ብቻ አስነብብ ብባል ይህንን ነው የምመርጠው። ሐረር ሸዋ በር አካባቢ የምትነግድ ሴት ናት። ጠዋት ሆጃና ሳምቡሳ፣ ከሰዓት በኋላ እንደ ወቅቱ ፍራፍሬ። ስንት ዓመቷ እንደሆነ አልጻፈችም፣ የልጅ ልጆች ግን አሏት። የተቆጣች አይመስለኝም፣ የገረማት ነው የሚመስለው። 60 ሞላ ብሎ ማን ነው የሚነግረን አለች። እናቷም እስከ መጨረሻው ቀን ገበያ ወጥታለች። ቀጣሪ የለም፣ ስለዚህ የሚያሰናብትም የለም። ፔሮል ላይ ስም የለም፣ ስለዚህ መዋጮም የለም። ወንዶቹ ጡረታ ወጥተው ቤት ሲገቡ የሴቷ ሥራ እንደሚጨምር ደግሞ ሳትደብቅ ጻፈችው። ቁርስ የሚፈልግ፣ ቡና የሚፈልግ፣ ዜና እየሰማ አስተያየት የሚሰጥ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ተጨመረ ማለት ነው። የእኔ ጥያቄ እሷን እንደማይመለከት ገባኝ። ሥራ ታቆሙ ነበር ወይ የሚባለው አንድ ቀን ማቆም የተፈቀደለት ሰው ነው።

15፣ 16 እና 17 እሷን አድንቀው አለፉ። አንዱ ሐረር ሲመጣ ሆጃዋን ሊጠጣ ቀጠሮ ያዘ።

ቁጥር 18 ወጣት ነው፣ ስለታም ቃል ይዞ ነው የመጣው። መካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቆ የሰው ባጃጅ ይነዳል። እናንተ ሽማግሌዎች ወንበሩን አንለቅም ስትሉ እኛ የት እንቀመጥ ነው የሚለው። ጡረታ ወጥቶ በኮንትራት የሚመለሰው ሰው የአንድ ወጣት እንጀራ ነው የያዘው፣ ደግሞ ትርፍ ጊዜ እንዳያሰለቸው ብሎ። ቁጥር 19 ባለጌ ብሎ ሰደበው። አግባብ አልነበረም። ልጁ የተናገረው ያማል እንጂ ስድብ አይደለም። ቁጥር 20 ከልጁ ጎን ቆመች። ቁጥር 21 የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ነው፣ ሌላ ነገር አነሳ። ሽማግሌው ሲወጣ ቦታው ለወጣት አይሰጥም፣ ይታጠፋል። የሁለት ሰው ሥራ ለቀረው አንድ ሰው ይደረባል። እኔ በወጣሁበት ቦታም የሆነው ይኸው ነው።

ግን በዚህ ብቻ ልጁን ዝም ማሰኘት አልፈለግኩም። ና፣ አብረን እንሥራ፣ ፓምፕ አሳይሃለሁ አልኩት። በቁጥር 26 መለሰ። በነፃ መማር ሰልችቶኛል፣ ስንት ትከፍላለህ ነው ያለው። ጥያቄው ትክክል ነው። በውስጥ መስመር ዋጋ ነገርኩት። እስካሁን ድምፁ የለም። ምናልባት አንሶበት ይሆናል።

ቁጥር 22 ሕጉን አስቀመጠ፣ ምስጋና ይገባዋል። የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። ለመንግሥት ሠራተኛ ድሮ 55 ነበር። ከደመወዝ 7 በመቶ ሠራተኛው፣ 11 በመቶ አሠሪው ያዋጣል። በየወሩ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፣ ከዚያ ካነሰ አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ይዘህ ትሄዳለህ። ቁጥር 23 የረሳውን ጨመረለት። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የመጣው በ2003 በወጣው አዋጅ ነው።

እዚህ ላይ የእኔን ነገር ካልነገርኩ ሰው አይገባውም። የሠራሁት የግል ፋብሪካ ነው። ከ2003 እስከ 2012 ቁጠሩት፣ 10 አይሞላም። የባሕር ኃይል አገልግሎቴ ቢደመር ይሞላ ነበር፣ ከበቂ በላይ። ለማስደመር የሄድኩበት ቢሮ ግን ፋይልህ አልተገኘም አለኝ። ሌላ ጊዜ ሄድኩ፣ ማስረጃ አምጣ አለኝ። ቁጥር 24 ይህን አንብቦ ወረቀቱን አለመያዝህ ያንተ ጥፋት ነው ብሎ ጻፈ። ደሜ ፈላ። ግንቦት 1983 አሰብ እንዴት እንደተለቀቀ እሱ አላየም። ሰው በተገኘው ጀልባ ነው የወጣው። እኔ ይዤ የወጣሁት የለበስኩትን ልብስና አንድ ካቻቢቴ ነው፣ እሱም ኪሴ ውስጥ ስለነበረ። ጅቡቲ ስንደርስ መሣሪያ አስፈቱን፣ በፀሐይ አሰለፉን። ከዚያ ባቡር። ደወሌ፣ አይሻ፣ ሽኒሌ። ከጅቡቲ ድሬ 300 ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል፣ ያ ባቡር ግን አንድ ዓመት የፈጀ ነው የመሰለኝ። ወደ ትውልድ ቀዬዬ ለመሄድ ነበር ሐሳቤ። ድሬ ለገሀር ስወርድ አንድ የማላውቀው ሰው ባጂያ በዳቦ ገዛልኝ። ነገ እሄዳለሁ እያልኩ ቀረሁ። ይኸው ነው ታሪኩ።

ቁጥር 25 ይህን ሲያነብ እኔን ትቶ 24ን በስድብ አጠበው። አንተ ልክ ነህ፣ ግን ስድቡ ይቅር አልኩት።

ከ27 እስከ 31 ክሩ ሙሉ በሙሉ መንገድ ሳተ፣ እኔም ተደሰትኩ። ባቡር ከተነሳ አይቀር ተብሎ የድሮዎቹ ኮንትሮባንዲስት ሴቶች ተነሱ። ቀጭን ሆና ጅቡቲ የሄደች ሴት በጨርቅ ተጠቅልላ ነፍሰ ጡር መስላ ስትመለስ፣ ጣቢያው ሳይደርስ በመስኮት የሚወረወረው ጥቅል፣ ከታች የሚቀበለው ልጅ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ያ የሚቀበለው ልጅ ራሱ ነበር። ከዚያ ድሬና ሐረር መነካከስ ጀመሩ። ሐረሬው እናንተ ጀጎልን የመሰለ ነገር የላችሁም አለ። ድሬው ውሃችሁ ከእኛ ነው የሚመጣው ብሎ መለሰ። ይህስ ልክ ነው። የሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ሐረር የምትጠጣው ከድሬ ጃራ ተገፍቶ የሚወጣውን ውሃ ነው። እዚህ ላይ እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከድሬ ሐረር ድረስ የከፍታ ልዩነቱ ወደ 700 ሜትር ነው፣ መሀል ላይ ደግሞ የደንገጎ ዳገት አለ። ውሃ 10 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት አንድ ባር ግፊት ይፈልጋል፣ እናንተው አስሉት። አንድ ፓምፕ አይችለውም፣ በየደረጃው እየተቀባበሉ ነው የሚያወጡት። ቧንቧ ስትከፍቱ አንድ ቦታ ላይ ሌሊቱን ሳይተኛ ፓምፕ የሚጠብቅ ሰው እንዳለ አስቡ። ስለ ጀጎል ግን አልከራከርም።

ቁጥር 32 ሁለተኛውን ጥያቄ በትክክል የመለሰ የመጀመሪያው ሰው ነው። አባቱ ባሕር ኃይል ነበር። እሱ ምፅዋ ተወለደ፣ አስመራ ተማረ፣ አሰብ ጎረመሰ፣ አሁን ሐረር አግብቶ ይኖራል። የት አገር ሰው ነህ ሲሉት እንደ ጠያቂው ይለዋውጣል። ሐረር ውስጥ ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም፣ ለዚህ ነው እዚያ የቀረው። 33 እና 34 ከውጭ አገር የጻፉ፣ የድሬዋ የከዚራ ሰፈር ልጆች ናቸው። ስለ ዛፎቹ፣ ስለ ጥላው፣ ማታ በረንዳ ላይ ውሃ ስለመርጨት። ናፍቆታቸው እውነት ነው፣ ግን ከዚራን እነሱ እንደሚሉት ንጹሕ አድርጌ አላስታውሳትም።

በቁጥር 35 እኔ ሁለቱ ጥያቄዎች ለምን እንደተያያዙብኝ ጻፍኩ። የመለሳችሁትን ሰዎች ተመልከቱ። የእኔ መርከብ የለችም። የባቡሩ ሰውዬ ሐዲድ ሣር በቅሎበታል፣ አዲሱ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ በሌላ ሐዲድ ነው የሚያልፈው። የቁጥር 8 ሌኒንግራድ ስሟ እንኳ ተቀይሯል። ተመልሰን የምንጎበኘው ቦታ የለንም። ሞተር ስፈታ ግን ቴስታታው፣ የሲሊንደሩ ክዳን፣ ያው ቴስታታ ነው፤ ዘንጉ የሚዞርበት ብሮንዚናም ያው ብሮንዚና ነው። እጄ ወደዚያ ቦታ ይመልሰኛል። ስለዚህ አልተውም።

ቁጥር 36 ይህን አልወደደውም። ቅኔውን ተወውና ስለ ጤፍ ዋጋ አውራ አለኝ። አብዛኛው ሽማግሌ የሚሠራው አበሉ የወሩን አጋማሽ ስለማያደርሰው ነው፣ ናፍቆት ጥጋብ ላለው ሰው ነው አለ። 37 እና 38 ደገፉት። ቁጥር 1 መምህርቷ ተመልሰው በቁጥር 39 ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል ብለው ሊያስታርቁን ሞከሩ። ለብዙ ሰው የ36 አባባል እንደሚሠራ አውቃለሁ። እኔ ራሴ አበል የለኝም፣ ማን ነው ለእኔ ስለ ጤፍ የሚነግረኝ? ነገር ግን ልጆቼ ይረዱኛል፣ አልተራብኩም። እሠራለሁ። 36 ይህን ሲሰማ ታዲያ ልጆችህን ስማ ብሎ ጻፈ። ሙግቱ እዚያ ላይ ቆሟል።

ቁጥር 40 ሁርሶ አካባቢ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ነው፣ ከላይ ያለውን አንድም አላነበበም። የመስኖ ሞተሩ ነጭ ጭስ እየተፋ ምን ላድርግ ይላል። መልሴ ይኸው፦ ጭሱ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ከሆነና ሲሞቅ ከጠፋ አትንካው። ሞቆም ከቀጠለ የራዲያተሩን ውሃ እይ። እየጎደለ ከሆነ ውሃ ሲሊንደር ውስጥ እየገባ ነው፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማሸጊያው፣ ተቃጥሏል ማለት ነው፣ ሞተሩን አቁም። ውሃው ካልጎደለ ናፍታ የሚረጨውን ኖዝል ማስፈተሽ ነው። ጥቁር ቢሆን መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን እጠብ፣ ሰማያዊ ቢሆን ዘይት እየበላ ነው እልህ ነበር። የሞተሩን ዓይነትና ስንት ፈረስ ጉልበት እንደሆነ ጻፍልኝ፣ ያለዚያ ምን መለዋወጫ ይዤ እንደምመጣ አላውቅም። ትራንስፖርቱን አንተ ነህ የምትችለው።